የወለተጻድቅ ቁመት

ሰው ለሚወደው ሰው ምሥጢሩን ሲነግር፣ ስጦታ ነው የሚሰጠው ወይስ አደራ? ኤልሻዳይ ይህን ጥያቄ ከራሷ ጋር ስታወጣ ስታወርድ አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል፤ መልሱ ግን አልመጣላትም፣ ጥያቄውም አልተዋትም።

ያደገችበት ቤት ምሥጢር አያውቅም። የአባቷ የአቶ ያደሳ ቤተሰብ በየእሑዱ የልቡን ሁሉ በድምፅ ማጉያ የሚናገር ቤተሰብ ነው፤ ኃጢአቱን፣ ፈውሱን፣ የታናሽ ወንድሟን የሒሳብ ውጤት ሳይቀር። ስሟንም ያወጡት እንዲጮኽ ነው። ፊንላንድ ለሰባት ዓመት የተማረችው የሙዚየም ትምህርት ደግሞ ይህንኑ አጠነከረባት፦ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ሁለት ጊዜ የተሰረቀ ነው፣ መጀመሪያ ከቤቱ፣ ቀጥሎ ከታሪኩ። ስለዚህ የሰው ስም ስታገኝ መጻፍ ግዴታዋ ይመስላት ነበር።

ሀብተሥላሴ ያንን ስም የነገራት ከጦር ኃይሎች በተሳፈሩበት ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ትንፋሹ ጆሮዋን እስኪያሞቀው ተጠጋ።

«ወለተጻድቅ» አላት። «የእናቴ አያት የክርስትና ስም ነው። እናቴም የተጠመቀችው በሷው ስም ነው።»

«ታዲያ ምን ያንሾካሹክሃል? ሹፌሩ እንዳይሰማ ነው?»

«ረዳቱም እንዳይሰማ።»

እሷ ሳቀች። እሱ አለመሳቁን ያስተዋለችው በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን የሰማችው የፍቅር ቃል ብቻ ነበር።

ኤልሻዳይ የምትሠራው ቤተ መጻሕፍትንና ሙዚየምን ሰው እጅ በሚያስገባ ሥራ ላይ ነው። አምስት አገሮች በየግምጃ ቤታቸው የተቆለፈውን ብራናና መዝገብ ፎቶ አንስተው በአንድ ድረ ገጽ ከፍተውታል፤ ስልክ ያለው ሁሉ በነፃ ያየዋል። ከኢትዮጵያ ለሄዱት ብራናዎች የአማርኛ መግለጫ የምትጽፈው እሷ ነች፣ አየር ጤና፣ ከጎማ መሸጫው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየችው ጠባብ ክፍል። ሀብተሥላሴን ያገኘችውም ድረ ገጹን ለተማሪዎች ልታሳይ እሱ ሒሳብ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በሄደች ዕለት ነበር። ልጆቹ ተጋፍተው ከወጡ በኋላ እሱ ቀረ።

«የእናቴ አያት ክታብ እዚያ ውስጥ ካለ ፈልጊልኝ» አላት፣ እንደ ቀልድ።

ክታቡ ባለቤቱን ከበሽታና ከክፉ መንፈስ እንዲጠብቅ የሚጻፍ፣ የሚጠቀለል ረጅም ብራና ነው። የአያትየውን አንድ ፈረንጅ ከቢቸና ይዞት ሄዷል ይባላል። ስሟ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፤ አንዱ ጠርዙን ጧፍ አቃጥሎታል። ኤልሻዳይ አራት ወር ፈለገችው። ፍለጋው ሻይ ሆነ፣ ሻዩ እራት ሆነ፣ እራቱ ያ የሚኒባስ ሹክሹክታ ሆነ። ስሙን ባወቀች በሳምንቱ ክታቡን አገኘችው፤ ቀዩ ስም፣ የተቃጠለው ጠርዝ፣ ሁሉም።

ከደስታዋ ብዛት ሳታመነታ በገጹ ሥር ባለው የማብራሪያ ቦታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ ክታብ የተጻፈው ለወለተጻድቅ ነው። የልጅ ልጇ ወይዘሮ ዘመነች በዚሁ የክርስትና ስም ተጠምቀው ዛሬም አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ይኖራሉ።»

ማክበሯ ነበር። የሀብተሥላሴን እናት ዓለም እንዲያውቃቸው ማድረጓ ነበር።

በሀብተሥላሴ ቤት ግን የክርስትና ስም የሚታወቀው በካህኑና በእግዚአብሔር ዘንድ ነው። ስሙን ያወቀ ክፉ ሰው መተት ያሠራበታል ተብሎ ይፈራል። ወይዘሮ ዘመነች ስድሳ ሁለት ዓመት ከጎረቤት የደበቁትን ስም ድረ ገጹ በአምስት ቋንቋ ተርጉሞ ለአምስት አገር በተነው። በሁለተኛው ቀን አንድ የቴሌግራም ቻናል ከነፎቶው ለጠፈው። በሦስተኛው ቀን የማኅበራቸው ሴቶች አነበቡት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ኤልሻዳይን ያመለጣት ጣቷ ነበር።

የሀብተሥላሴ ደብዳቤ የመጣው በዚያው ቀን ነው። በስልክ የተላከ መልእክት አልነበረም፤ ከሒሳብ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በእጁ ጽፎ፣ በእህቱ በሚሚ የላከው።

«ኤልሲ፣ እናቴ ከቤት አትወጣም። የማኅበሩ ተራ የሷ ሆኖ ሳለ አሞኛል ብላ አስተላለፈችው። አባቴ ድሮ የጴንጤዋ ልጅ ይልሽ ነበር፤ አሁን እሱንም ትቶታል። ስሙን የነገርኩሽ ላንቺ ነው። አላወቅሁም እንደምትዪ አውቃለሁ፣ አምንሻለሁም። ግን እንዴት አትጠይቂኝም? አንድ ጊዜ እንኳ?»

«አንድ ጊዜ እንኳ» የሚለውን ደጋግማ አነበበችው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ለስድብ ሰው መልስ ይሰጣል፤ እውነትን ግን ምን ይሉታል?

---

«ክታብ!» አሉ አቶ ያደሳ፣ ጠዋት ወደ መለዋወጫ ሱቃቸው ሊሄዱ ጫማቸውን እያሰሩ። «ሰባት ዓመት ውጭ አገር ተቀምጠሽ የመጣሽው የደብተራ ወረቀት ልትፈልጊ ነው?»

«አባዬ፣ የሰው እናት ጎዳሁ እያልኩህ ነው።»

«ሰማሁ። እኔ የምልሽ ጌታ መንገዱን ዘግቶልሻል ነው። አንቺ ደግሞ አጥር ልትዘልዪ ትፈልጊያለሽ።»

«የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጌታን በኔ ጥፋት አታስገባው።»

አቶ ያደሳ ክሩን እንደያዙ ቀና አሉ። ልጃቸው እንዲህ ስትናገራቸው ፊንላንድን ይረግማሉ፤ በልባቸው ግን የገዛ እናታቸውን ምላስ ያውቁታል።

«ይቅርታ ልጠይቅ ብለሽ ብትሄጂ እንኳ የሚያስገቡሽ ይመስልሻል?»

«ካላስገቡኝ በር ላይ እጠይቃለሁ።»

ይህን ብላ ወደ ቢሮዋ ወጣች። ክታቡን የያዘው ቤተ መጻሕፍት፣ ማብራሪያውን እንዲያጠፋ ለጻፈችለት ሁለት ደብዳቤ በትሕትና መልሶላታል፦ ማብራሪያ አንዴ ከገባ የመዝገቡ አካል ነው፣ ዕውቀት ለሁሉም ክፍት ይሆናል የሚለው መርሃችን አይፈቅድም። መርሁ የሷም ነበር፤ ይህ ነው ያቃጠላት። የኮልፌ ተማሪ፣ ቪዛ ያለው ፕሮፌሰር ብቻ ያየው የነበረውን ብራና በስልኩ ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን አይታለች። ያንን አልክድም አለች ለራሷ። ግን ሦስተኛውን ደብዳቤ ጻፈች።

«ክፍት ነው የምትሉት በር የእናንተ ቤት በር አይደለም። የኛ ነው፤ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ የከፈትኩትም እኔ ነኝ። እስከ ረቡዕ ካልተዘጋ፣ የጻፍኳቸውን ሦስት መቶ አርባ መግለጫዎች ሌላ ሰው ይፈርምባቸው።»

ረቡዕ ጠዋት ተሸፈነ። ቤተ መጻሕፍቱም፣ ሁለት ሌሎች አገሮችም ሸፈኑት። የቀሩት ሁለቱ ግን ቅጂው የራሳቸው መሆኑን ገልጸው ዝም አሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ኤልሻዳይ ያን ቀን በጨርቅ የቻለችውን ያህል መጠጠች።

ማታ የጎረቤታቸውን የእትዬ ወርቄን ምክር ጠየቀች። እትዬ ወርቄ የሸዋ ሰው ናቸው።

«በኛ አገር ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው» አሏት። «ተበዳዩ አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። አንቺ ግን ጴንጤ ነሽ፣ ይቅርብሽ።»

«እትዬ ወርቄ፣ ድንጋዩ ሃይማኖት አለው እንዴ?»

እትዬ ወርቄ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ኤልሻዳይ አልሳቀችም። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ውስጥ አየር ገባ።

---

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከተቆፈረው መንገድ ዳር አንድ የኮብልስቶን ድንጋይ አንስታ ወደ ኮልፌ ተሳፈረች። ረዳቱ አያት፣ ድንጋዩን አየ።

«እህት፣ ይሄ ሰው የሚቀመጥበት ነው።»

«ከኔ ጋር ነው፣ እኔ እታቀፈዋለሁ።»

«እንዲህ የሚታቀፍ እኔም በሆንኩ!» ብሎ ታክሲውን አሳቀው።

የሀብተሥላሴ ቤት በር ላይ ስትደርስ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ ጫነችው። የከፈተችላት ሚሚ ናት።

«ውይ በሞትኩት! ኤልሲ፣ ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ?» አለች፤ ዓይኗን ስታይ ግን ቀልዱ አፏ ላይ ደረቀ። ዞር ብላ አሳለፈቻት።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጡረታ የወጡት አባቱ ሻለቃ ኃይለ መስቀል ከቴሌቪዥኑ ፊት። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉት ወይዘሮ ዘመነች ከስፌት መኪናቸው ኋላ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው። ሀብተሥላሴ ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ሲያርም። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከወንበሩ ግማሽ ተነሣ። ሻለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተቀመጠ።

ኤልሻዳይ ደፉ ላይ ተንበረከከች።

«እትዬ ዘመነች፣ የርስዎን ነገር ርስዎን ሳልጠይቅ ለዓለም ሰጠሁ። አላወቅሁም ብዬ አላመካኝም፤ መጠየቅ እችል ነበር፣ አልጠየቅሁም። ከአምስቱ ቦታ በሦስቱ አስሸፍኜዋለሁ፣ ሁለቱ እምቢ ብለውኛል። ይቅር ይበሉኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ወይዘሮ ዘመነች ድንጋዩን አላዩም። የሚያዩት ፊቷን ነበር።

«አየሽው?» አሏት።

«ምኑን?»

«ክታቡን።»

«አይቼዋለሁ።»

«እኔ አላየሁትም» አሉ ወይዘሮ ዘመነች፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «እናቴም ስታወራው ኖራ ሳታየው ሞተች። አሁን የማኅበር ሴት ሁሉ አይቶት፣ ፈረንጁ ሁሉ አይቶት፣ ለኔ ግን ያሳየኝ የለም! ስሜን ብቻ ነው ያመጡልኝ። እስቲ አሳዪኝ።»

ኤልሻዳይ በአንድ እጇ ድንጋዩን ደግፋ በሌላው ወደ ቦርሳዋ አመለከተች። ሚሚ ታብሌቱን አወጣችው። ወይዘሮ ዘመነች መነጽራቸውን አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ሚሚ እንዳሳየቻቸው በሌባ ጣታቸው ገፋ፣ ገፋ እያደረጉ ብራናውን ከላይ ወደ ታች ወረዱበት። ሰይፍ የመዘዙ መላእክት አለፉ። ዓይን፣ ብዙ ዓይን አለፈ። ከዚያ ቀዩ ስም መጣ። ጣታቸው ቆመ፤ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። የተቃጠለው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ «ጧፉ» አሉ ብቻ።

ቀጥለው የጠየቁት የሰፊ ጥያቄ ነበር።

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከሰባ አንድ» አለች ኤልሻዳይ። በቃሏ ታውቀዋለች፤ መዝገቡ ላይ ያስገባችው ራሷ ናት።

ወይዘሮ ዘመነች ተነሡ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጫፉን ለሚሚ ሰጧት። «መሬት አስይዢው» አሏት። በበሩ መቃን ላይ ወደ ላይ ዘረጉት፤ በልብስ ጠመኔያቸው አንድ መስመር አሠመሩ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጥተው ቆሙ። መስመሩ ከራሳቸው ከስንዝር በላይ ከፍ ይል ነበር።

«ክታብ በባለቤቱ ቁመት ነው የሚቆረጠው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። እናቴ፣ አያትሽ ዘንካታ ነበረች ስትለኝ ውሸት ይመስለኝ ነበር። ሁላችንም ድንክ ነና!»

ዞረው መዳፋቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ፤ ሰው ራስ ላይ እንደሚያሳርፉት፣ ቀስ አድርገው። እንባቸው ወረደ። ኤልሻዳይ ያንን ቁጥር ከሦስት መቶ አርባ ቁጥሮች እንደ አንዱ ጽፋ አልፋው ነበር። አሁን አንዲት ረጅም ሴት ከፊቷ በሩ ላይ ቆማለች። ማጅራቷ ይቃጠላል፤ ድንጋዩን ረስታዋለች።

«አውርጂው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዘመነች። «ይቅር ለእግዚአብሔር። ሀብቴ፣ ተነሥ እንጂ፣ አንሣላት!»

ሀብተሥላሴ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ተነሣ። ሁለት እርምጃ መጣ። የእጁን ሙቀት ገና ሳይነካት አወቀችው።

«ቆይ» አሉ ሻለቃ ኃይለ መስቀል።

ቆመ።

«ዘመነች ይቅር ብላለች፤ የተበደለችው እሷ ናት፣ አልገባበትም። ልጄን መስጠት ግን ሌላ ነው።» ሻለቃ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። «ድንጋይ በማጅራትሽ ከቻልሽ ማተብ በአንገትሽ አያቅትሽም። ተጠምቀሽ፣ ማተብሽን አሥረሽ ነይ። ያን ጊዜ ድንጋዩን ልጄ ያነሣልሻል።»

ሚሚ ሜትሩን እጇ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ሻለቃ» አለች ኤልሻዳይ፤ አንገቷን በድንጋዩ ሥር ቀና ልታደርግ ታገለች፣ አደረገችም። «ድንጋዩን የተሸከምኩት ስላጠፋሁ ነው። የወላጆቼን እምነት መያዜን ግን አላጠፋሁም። ላጠፋሁት እንበረከካለሁ፤ ለሆንኩት አልንበረከክም።»

«በገዛ ቤቴ!»

«በቤትዎ ስለሆንኩ ነው የማልዋሽዎት። ማተቡን ለልጅዎ ብዬ ባሥረው በማን ነው የምቀልደው? በኔ እምነት ብቻ መሰለዎት? በርስዎም ነው።»

ሻለቃ አተኩረው አዩዋት። በወታደርነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ መልስ የሰጣቸውን ሰው ወይ ይቀጡት፣ ወይ ይሾሙት ነበር። የትኛውን እንደፈለጉ ፊታቸው አልተናገረም።

ኤልሻዳይ ወደ ሀብተሥላሴ ዞረች። በመካከላቸው ሁለት እርምጃ ነበር።

«ሀብቴ?» አለችው። ስሙን ብቻ።

አባቱን አየ። እናቱን አየ። እሷን ሊያይ ሲል ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ወዳሉት ወረቀቶች ሸሸ።

«ኤልሲ፣ ጊዜ ስጪኝ» አለ።

ድንጋዩን ራሷ አወረደችው። አልወረወረችውም፤ በሁለት እጇ ይዛ ደፉ አጠገብ ቀስ አድርጋ አኖረችው፣ ቀና ብላም ቆመች። ወይዘሮ ዘመነች እስከ ውጭው በር ሸኟት። አቅፈው የቀላውን ማጅራቷን ሳሙት።

«እኔ ይቅር ያልኩሽ ከልቤ ነው» አሏት። «እሱን ግን እኔ ልሰጥሽ አልችልም፣ የኔ ልጅ። ራሱን ካልሰጠ።»

ኤልሻዳይ ሄደች፤ ወደ ኋላም አላየችም። ብታይ የምትመለስ መሰላት።

---

ፌርማታው ላይ የሰኔ ዝናብ ያዛት። ከአንድ የጫማ ሱቅ ሸራ ሥር ተጠግታ ቆመች። ማልቀስ ነበረባት፣ እንባው ግን አልመጣም፤ የመጣው ሌላ ነገር ነው፣ ትኩስና ቀጥ ያለ። ለአባቷ እምቢ ብላለች። ለባሕር ማዶው ቤተ መጻሕፍት እምቢ ብላለች። ለሻለቃ በቤታቸው እምቢ ብላለች። የምትወደውን ሰው ብቻ እሺ ልትለው አይገባም። ስልኳን አወጣች።

«ሀብቴ፣ ከእናትህ ጋር ታርቄያለሁ፣ ከአባትህም ጋር ተነጋግሬያለሁ። የቀረኸው አንተ ነህ። የፊታችን እሑድ ከምሳ በኋላ እኛ ቤት ና። አባቴ ካንተ አባት የሚለይ እንዳይመስልህ፤ ወንበር ላይሰጥህ ይችላል። ቢሆንም ግባ፣ ማተብህን ሳትደብቅ ቁም። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ፤ ማንም ቆይ ቢለኝ አልቆይም። ጊዜ ስጪኝ ብለሃል። የምሰጥህ እስከ እሑድ ነው። እወድሃለሁ፤ ይሄን ግን ልለምንህ አይደለም የጻፍኩት፣ እንድታውቀው ነው።»

ላከችው። አንድ ምልክት ታየ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። አንብቦታል። «እየጻፈ ነው» የሚለው ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ። ኤልሻዳይ ጠበቀች፤ ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ ረዳቶች «አየር ጤና! አየር ጤና!» ይላሉ። ጠፋ።

እሑድ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ። አቶ ያደሳ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ አዩዋት፤ ማንን ትጠብቂያለሽ አላሏትም። ከሳሎን አንድ ወንበር አውጥተው ከጎኗ፣ ባዶውን፣ አስቀመጡላትና ገቡ።

ፀሐይዋ ከበረንዳው ወረደች። መልስ አልመጣም፤ ያን እሑድም፣ ከዚያም በኋላ። ኤልሻዳይ የላከችለትን መልእክት አሁንም አልፎ አልፎ ከፍታ ታነበዋለች፤ ዛሬ ብትጽፈውም ያንኑ ትጽፍ ነበር።